የ34 ዓመት መዝገብ ስለ 100 ዓመት ዝናብ ምን ሊነግረን ይችላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በደረቅ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ለሚሠራ አነስተኛ የአፈር ግድብ የትርፍ ውሃ ማስወጫውን ስፋት ሊወስኑ ነው። በእጃቸው ያለው የአንድ ጣቢያ የ34 ዓመት ዕለታዊ የዝናብ መዝገብ ነው። የዓመቱ ድምር አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ ትልልቆቹ ዝናቦች ግን የበረቱ መስሏቸዋል። ከሁሉም የሚበልጠው 71 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጣለውም ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የ100 ዓመቱን ዝናብ ሲያሰሉ 84 ሚሊ ሜትር አገኙ። የአየር ንብረት ሞዴሎችን ሲያዩ ደግሞ ግማሾቹ አካባቢው ዝናብ ይበዛለታል፣ ግማሾቹ ይደርቃል አሏቸው። «የቱን ቁጥር ልመን? ዝናቡስ በእርግጥ ተለውጧል ወይስ አጋጣሚ ነው?» ይላሉ።

84ን ብቻውን አይመኑት። ስሌትዎ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ቁጥር ውስጥ ታጭቀዋል። አንደኛው መዝገቡ ራሱ ምን ያህል ይታመናል የሚል ነው። ሁለተኛው 34 ዓመት ስለ መቶ ዓመት ምን ያህል ይናገራል የሚል ነው። ሦስተኛው ሙቀቱ ሲጨምር ዝናቡ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለሦስተኛው ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ብዙ ሥራ ሲበላሽ ያየሁት እዚያ ላይ ነውና።

ከዓመታት በፊት ከአንድ ከፍተኛ ቦታ ጣቢያ የመጣ መዝገብ ስመረምር፣ ከባድ ዝናቦቹ የበዙት ሰኞ ሰኞ መሆኑን አየሁ። ሰማይ ደግሞ የሳምንቱን ቀናት አያውቅም። የወረቀቱን መዝገብ አስመጥቼ ገለጥኩት። ቅዳሜና እሑድ ቦታቸው ባዶ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ተጽፏል። ታዛቢው ቅዳሜና እሑድ አልመጣም፤ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን የሦስት ቀን ውሃ ሰኞ ለክቶ ጻፈ። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ባዶዎቹ ቀናት ዜሮ ሆኑ፣ የሰኞውም የአንድ ቀን ዶፍ ሆነ። በዚያው መዝገብ ውስጥ ነጥቧ በጊዜ ብዛት የደበዘዘች 11.5 አለች፤ ፋይሉ ላይ 115 ሆና ተቀምጣለች። ከዚያ ወዲህ የማንንም መዝገብ ስቀበል መጀመሪያ የማደርገው ዝናባማ ቀናቱን በሳምንቱ ቀናት መድቦ መቁጠር ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ስህተቱ ወደ ላይ ብቻ አይደለም። ነፋስ በበረታበት ከፍታ ላይ ጠብታው በመለኪያው አፍ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚያልፍ የሚያዘው ውሃ ከወረደው ያንሳል፤ በረዶ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ በጣም ይብሳል። በትንንሽ ማንኪያ እየተገለበጠ የሚቆጥረው አውቶማቲክ መለኪያ በኃይለኛ ዶፍ ጊዜ ማንኪያው በተገለበጠ ቁጥር የሚያመልጠው ውሃ ስላለ አሳንሶ ይመዘግባል። ማለትም መሣሪያው በጣም የሚያስፈልገን ሰዓት ላይ ነው የሚደክመው። ሌላም አለ። ዕለታዊ መለኪያ የሚነበበው በተወሰነ ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ጀምሮ እስከ ረፋድ የዘለቀ ዝናብ ለሁለት ቀን ይከፈላል። ስለዚህ ከየትኛውም ሰዓት ተነስቶ የሚቆጠረው የ24 ሰዓት ከፍተኛ ዝናብ በመዝገብ ላይ ካለው የአንድ ቀን ከፍተኛ በአማካይ 13 በመቶ ያህል ይበልጣል። መሐንዲሶች 1.13 እያሉ የሚያበዙት ለዚህ ነው። የእርስዎ 84 ይህ ካልተደረገለት ገና ምንም ሳይሞቅ ወደ 95 ይጠጋል።

የመለኪያ አፍ ከሰሃን አይሰፋም። በዓለም ላይ ያሉ የዝናብ መለኪያዎች ሁሉ አፋቸው ቢደመር ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ እንደማይሞላ የተሰላ ስሌት አለ። በሜዳማ አገር ይህ ብዙ አይጎዳም፤ አንዱ ደመና ብዙ አገር ይሸፍናል። በደረቅ ደጋ ግን ዝናቡ ከአንድ ሸንተረር ወዲያ እንደ እሳት ይወርዳል፣ ወዲህ አቧራ ይነሳል። በሂማላያ ጀርባ ያለችው ሌህ ከ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የምታገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2010 ሌሊት በወረደ ድንገተኛ ዶፍ በተነሳ የጭቃ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የከተማዋ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ለዚያ ቀን የመዘገበው 12.8 ሚሊ ሜትር ነበር። ደመናው ያፈሰሰው ከጣቢያው ራቅ ብሎ ገደሉ ላይ ነው። የዚያን ጣቢያ ዕለታዊ መዝገብ ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው ያንን ሌሊት ተራ ዝናብ የዘነበበት ቀን አድርጎ ያልፈዋል።

የእርስዎ 71 ሚሊ ሜትርም የዚያ ሰሃን 71 ነው። ከፍ ያለ ዝናብ በተፋሰሱ ላይ አልዘነበም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው። የ100 ዓመት ዝናብ የሚለው ስም ሰውን ያሳስታል። በየመቶ ዓመቱ ቀጠሮ አክብሮ የሚመጣ ዝናብ ማለት ሳይሆን፣ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ማለት ነው። ግድብዎ 50 ዓመት ቢያገለግል በዚያ ዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 39 በመቶ ነው። በ34 ዓመት መዝገብዎ ውስጥ የገባ የመሆን ዕድሉ ደግሞ 29 በመቶ ነው። ስለዚህ ያ 71 ሚሊ ሜትር የ100 ዓመት ዝናብ ሊሆን ይችላል፤ የ30 ዓመትም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ብቻውን ይህን አይለይም።

አንድ ነገር ይሞክሩ። 71ን ከመዝገቡ ያውጡና ስሌቱን ይድገሙት። ከዚያ ይመልሱትና ከእሱ በታች ያሉትን ሁለቱን አውጥተው እንደገና ይድገሙት። ቁጥሩ ሲዘል ያያሉ። በአንድ ቀን ዝናብ ይህን ያህል የሚወዛወዝ ግምት ላይ ኮንክሪት ማፍሰስ ያስፈራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የስርጭቱ ጅራት፣ ማለትም ብርቅዬዎቹ ትልልቅ ዝናቦች ያሉበት ጫፍ፣ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሚወስነው ቁጥር ከ34 የዓመት ከፍተኛዎች (ከየዓመቱ ትልቁ የአንድ ቀን ዝናብ) በደንብ አይገኝም፤ በደረቅ አገር ደግሞ ጅራቱ ረጅም ነው። በደረቅ ደጋ አማካይ የሚባለው ቁጥር አንድም ዓመት የማይመስለው ቁጥር ነው፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ይወርድና ሌላው ጊዜ ደረቅ ነው።

መፍትሔው ዓመታትን ከጎረቤት መበደር ነው። በተመሳሳይ ከፍታና በአንድ ዓይነት የዝናብ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ስምንት ወይም አሥር ጣቢያዎችን ይሰብስቡ። የእያንዳንዱን ጣቢያ የዓመት ከፍተኛዎች በራሱ የዓመት ከፍተኛዎች አማካይ ያካፍሏቸውና አንድ ላይ አድርገው የጋራውን ጅራት ይገምቱ፤ ከዚያ በእርስዎ ጣቢያ አማካይ መልሰው ያብዙት። አሥር ጣቢያ የ340 ዓመት መረጃ ሰጠኝ ብለው ግን አይኩራሩ፤ አንዱ ዝናብ ሦስቱን ጣቢያ በአንድ ቀን ከመታ እንደ አንድ ምስክር እንጂ እንደ ሦስት አይቆጠርም። ቢሆንም ከአንድ ሰሃን በብዙ ይሻላል። በጣቢያ መራራቅ የሚቸገር ሰው የሳተላይት መረጃ ሊያይ ይችላል፤ አንዳንዱ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ። ነገር ግን ደረቅ ተራራ ላይ ሳተላይት በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳታል። መሬት ሳይደርስ በደረቅ አየር ውስጥ የተነነውን ዝናብ እንደ ዘነበ ይቆጥራል፤ ተራራው ላይ ከዝቅተኛ ደመና የሚወርደውን ደግሞ ሳያየው ያልፋል። ዝናቡ የት እንደ ነበር ለማወቅ ይጠቀሙበት፤ ስንት ሚሊ ሜትር ነው ለሚለው አይጠቀሙበት።

«ዝናቡ ተለውጧል ወይ?» ለሚለው ጥያቄዎም እዚሁ ላይ መልስ አለ። ከአንድ ጣቢያ የ34 ዓመት ከፍተኛ ዝናቦች ላይ ለውጥ አለ ወይም የለም ብሎ መፍረድ አይቻልም። የስታቲስቲክስ ፈተና ለውጥ አላገኘም ማለት ለውጥ የለም ማለት አይደለም፤ የመለየት ጉልበት አልነበረውም ማለት ነው። የተገላቢጦሹም ያው ነው፤ ትልቁ ዝናብ መዝገቡ መጨረሻ ላይ ስለወደቀ ብቻ መስመሩ ወደ ላይ ሊያጋድል ይችላል። በዓለም ደረጃ እንኳ ይህ አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በዓለም ደረቅ ክልሎች የቀን ከፍተኛ ዝናብ በግልጽ እየጨመረ ነው አለ። በማግስቱ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ቦታ በመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት አማካይ ማካፈሉ ራሱ የኋለኞቹን ዓመታት ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ አረጋገጡ፤ ያ ሲታረም ጭማሪው አነሰ። ይህን የማነሳው የመጀመሪያዎቹን ለማሳጣት አይደለም፤ እንዲህ ያለው እርማት ነው መስኩን የሚያስከብረው። ነገር ግን መረጃው በዓለም ደረጃ ይህን ያህል የሚያሻማ ከሆነ ከአንድ ጣቢያ ፍርድ መጠበቅ መዝገቡን ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ሙቀቱ። እዚህ ላይ በጣም ግልጽ የሆነ ነገርና በጣም ግልጽ ያልሆነ ነገር ጎን ለጎን አሉ፤ መለያየት አለባቸው።

ግልጹ ይህ ነው፦ አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ፊዚክስ ነው። ደመና ሲያፈስ የአካባቢውን ተን ጠርጎ ስለሚያፈስ ከባድ ዝናብ ይህን ጭማሪ ይከተላል። የዓለም አጠቃላይ የዝናብ ድምር ግን በ1 ዲግሪ የሚጨምረው ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። ተን ወደ ጠብታ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ ከባቢ አየር ያንን ሙቀት ወደ ሕዋ ማውጣት አለበት፤ የማውጣት አቅሙ በ7 በመቶ አያድግም። ዶፉ በ7 አድጎ ድምሩ በ2 ካደገ ልዩነቱ የሚመጣው ከካፍያው ነው፤ በሁለት ዝናብ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ የዓመቱ ድምርዎ ሳይንቀሳቀስ ዶፉ መበርታቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አይደለም። የሚጠበቀው ራሱ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ይወርድ የነበረ ከባድ የቀን ዝናብ በየብስ ላይ አሁን 1.3 ጊዜ ያህል ይደጋገማል፤ ዓለም በ2 ዲግሪ ስትሞቅ 1.7 ጊዜ፣ በ4 ዲግሪ 2.7 ጊዜ ይሆናል። ይህ የዓለም አማካይ ነው። ለሰዓታት ብቻ የሚዘንብ ኃይለኛ ዶፍ በአንዳንድ ቦታዎች ከ7 በመቶ አልፎ እጥፉን፣ እስከ 14 በመቶ በዲግሪ ሲጨምር ታይቷል። የተለቀቀው ሙቀት ደመናውን ወደ ላይ ስለሚገፋውና ከዙሪያው ተጨማሪ እርጥበት ስለሚስብ ነው። በረዶ በሚጥልባቸው ከፍታዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይደረብበታል። ቀድሞ በረዶ ሆኖ ወርዶ ቀስ እያለ ይቀልጥ የነበረው አሁን ዝናብ ሆኖ ወርዶ ወዲያው ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከፍተኛ ተራራዎች ላይ ከባድ ዝናብ በ1 ዲግሪ 15 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። በተፋሰስዎ አናት ላይ በረዶ የሚተኛ ከሆነ ይህን ቁጥር አይለፉት።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅ። ብዙ ሰው የራሱን ጣቢያ ሙቀትና ዝናብ አገናኝቶ «በእኛ ዘንድ ሙቀት ሲጨምር ዝናቡ ይቀንሳል» ይላል። በደረቅ አገር እንዲህ መምጣቱ አይቀርም፤ ሞቃቱ ቀን የሞቀው ደመና ስለሌለው ነው። የዶፉ እርጥበት በአብዛኛው ከእርስዎ መሬት አይደለም የሚነሳው፤ ከሩቅ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ማየት ያለብዎት የጤዛ ነጥብ ሙቀትን፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ የሚጀምርበትን ሙቀት ነው፤ አየሩ በእርግጥ የያዘውን እርጥበት የሚነግርዎ እሱ ነው።

ግልጽ ያልሆነው ደግሞ ያንን እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ መንገዱን ይቀይራል ወይስ አይቀይርም የሚለው ነው። ሞዴሎቹ ግማሽ በግማሽ የተለያዩብዎት እዚህ ላይ ነው። ደረቅ ደጋ አብዛኛውን ጊዜ በዝናብ ሥርዓት ጠርዝ ላይ ነው ያለው፤ ወይ ወቅታዊው ነፋስ የሚያመጣው የሞንሱን ዝናብ ጫፉ ብቻ ይነካዋል፣ ወይ ከተራራ ጀርባ ተቀምጦ የተረፈውን ያገኛል። ጠርዙ 200 ኪሎ ሜትር ቢገፋ መሐል ላይ ያለ አገር አይሰማውም፤ ጠርዝ ላይ ያለው ግን ሁሉ ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ላይ ሞዴሎቹ ምድርን በካሬ ከፋፍለው ነው የሚያሰሉት፤ የአብዛኞቹ አንድ ካሬ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በዚያ ካሬ ውስጥ የእርስዎ ሸለቆና ከአጠገቡ ያለው ጫፍ አንድ ለስላሳ ኮረብታ ናቸው፤ የዝናብ ጥላ የሚባለው፣ ተራራ ከጀርባው ያለውን ቦታ ዝናብ የሚያሳጣበት ነገር፣ አይታወቅም።

ልዩነቱ ሁሉ የሞዴሎች ድክመት ነው ማለትም ስህተት ነው። በአንድ ሞዴል፣ በአንድ የጋዝ ልቀት፣ መነሻውን የአየር ሙቀት በዲግሪ መቶ ትሪሊዮንኛ ብቻ እያዛነፉ በተደጋጋሚ ያሄዱ ተመራማሪዎች አሉ። የውቅያኖሱና የነፋሱ የራሳቸው ውዥንብር ብቻ አንዱን ክልል በአንደኛው ሂደት ለ50 ዓመት ሲያደርቀው፣ በሌላኛው ሲያርሰው ታይቷል። ይህ በተሻለ ሞዴል አይጠፋም፤ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። ስለዚህ ከሞዴሎቹ አማካይ አውጥተው «ለውጥ የለም» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። ግማሾቹ 20 በመቶ ይጨምራል፣ ግማሾቹ 20 በመቶ ይቀንሳል ካሉ አማካዩ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ግን አንዳቸውም አላሉም።

አሁን ወደ ግድብዎ ልመለስ። ለማስወጫው እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማሰላው። ከጎረቤት ጣቢያዎች ጋር ተሰልቶ የሚገኘው ቁጥር ምን እንደሚሆን ስለማይታወቅ ለምሳሌ 84ን እንያዝ። በ1.13 ሲበዛ 95 ነው። ከመዝገብዎ መካከለኛ ዓመት እስከ ግድቡ እርጅና 2 ዲግሪ ይሞቃል ቢባል፣ በ7 በመቶ ስሌት 109፣ በ14 በመቶ ስሌት 123 ይደርሳል። የመነሻውን ግምት የስህተት ወሰን (ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል) ሲያሰሉ ግን ከዚህ የሙቀት ጭማሪ የሰፋ ሆኖ ያገኙታል ብዬ እጠብቃለሁ። ብዙ ሰው የሚሳተው ይህን ነው፤ ስለ ሞዴል ሲከራከር ይውላል፣ ትልቁ ክፍተት ግን መዝገቡ ውስጥ ነው።

ስለዚህ 109 ይሻላል ወይስ 123 ብለው አይጨነቁ። 123ን ይያዙና «150 ቢመጣስ?» ብለው ይጠይቁ። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ሲሻገርበት ይበላል፤ ከተበላ ደግሞ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚለቀው። በግድቡ ጎን ዝቅ ያለ የተፈጥሮ ኮርቻ ካለ ከግድቡ አናት ዝቅ፣ ከዋናው ማስወጫ ከፍ አድርገው ይቅረጹትና ድንጋይ ያንጥፉበት፤ ያልታሰበው ውሃ ሲመጣ በዚያ ይሂድ። በዚህ መንገድ የተሠራ ግድብ ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ከሥር ያለውን ሰው አይጨርስም።

ተፋሰስዎ ትንሽ ስለሆነ የቀኑ ድምር ራሱ ግማሽ መረጃ ነው። 40 ሚሊ ሜትር በ20 ሰዓት እኝኝ ብሎ ቢዘንብ መሬት ይጠጣዋል፤ በ40 ደቂቃ ቢወርድ ቆዳው የጠጠረ አፈር ገፍቶ ይመልሰዋል። በአካባቢው በደቂቃ የሚመዘግብ አንድ መለኪያ እንኳ ካለ፣ የአምስት ዓመትም ቢሆን፣ የዶፉን ቅርጽ ከእሱ ይውሰዱ።

ግድቡ ምን ያህል ውሃ ያጠራቅማል ለሚለው ግን ይህን የ7 በመቶ ጭማሪ አይጠቀሙ። ያ በዓመቱ ድምር፣ በደረቁ ጊዜ ርዝመትና በትነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ድምሩ ወደየት እንደሚሄድ ደግሞ አልተለየም። ዝናቡ በ20 በመቶ ቢያንስም ቢበዛም እያሉ በሁለቱም ይፈትኑት። ትነቱ ግን ሙቀት በጨመረ ቁጥር እንደሚጨምር ይያዙ፤ ዶፍ የሚያመጣው ደለልም ኩሬውን ካሰቡት ቀድሞ እንደሚሞላው ይቁጠሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ጣቢያው ድረስ ሄደው ወይም መዝገብ ቤቱን ጠይቀው የዚያን የ71 ሚሊ ሜትር ቀን የወረቀት ገጽ ያግኙ። ከእሱ በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ቁጥር ተጽፎባቸዋል ወይስ ባዶ ናቸው? ነጥቡስ በትክክል ይታያል? ጎረቤት ጣቢያዎች ያን ዕለት ምን ጻፉ? ቀኑ ሰኞ ከሆነና በፊቱ ያሉት ባዶ ከሆኑ ስሌቱን ከመጀመሪያው ይጀምሩት። ካልሆነ ደግሞ በዚያ ቀን በታችኛው ሸለቆ የነበሩ ሰዎችን ጎርፉ እስከ የትኛው ድንጋይ እንደደረሰ ይጠይቁ፤ ስድስት ዓመት ነው፣ አይረሱትም። ያሳዩዎትን ምልክት ከወንዙ ወለል ጀምረው በሜትር ይለኩ፤ የወንዙን ስፋትና ቁልቁለትም አብረው ይያዙ። ከዚያ የሚወጣው የጎርፍ መጠን በ71 ከተሰላው ጋር ካልተቀራረበ ሰሃኑ ያላየው ዝናብ ነበር ማለት ነው።